የተዋስነው ግድግዳ

ቲያትሩ ላይ እናት ሆኜ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ባሏ ደብድቧት ጎህ ሳይቀድ ወደ ወላጆቿ ቤት የሮጠችን ልጅ፣ ጎረቤት ሳይነቃ ብላ ከደጃፍ የምትመልስ እናት። በልምምድ ላይ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያልኩ በሩን ስዘጋው ራሴን እጠላው ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ልጇን ትወዳለች። ብቻ ከልጇ ፊት አስቀድሞ የሰው ዓይን ይታያታል። ድርሰቱ የአዘጋጃችን ነው። ይሉኝታ አገር አጠፋ እያለ ሲለፈልፍ የሚውል፣ ሻይ ሲጋበዝ ግን ሳይግደረደር የማይቀበል ልጅ።

ችግራችን ግድግዳው ነበር። መድረኩ ላይ ያቆምነው ቺፑድ ቀለም ተቀብቶም ወፍጮ ቤት ይመስላል። አዘጋጃችን «የሐረር ቤት ያለ ስፌት ምኑን ቤት ሆነ?» ሲል፣ ምላሴ ቀደመኝና «እኔ አመጣለሁ» አልኩ።

ጀጎል ውስጥ የእናቴ የልብ ወዳጅ አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። እናቴ ከሞተችም በኋላ ለዒድ ሳልሄድ ከቀረሁ ያኮርፉኛል። የእንግዳ ክፍላቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሰቀለ የአለላ ስፌት ነው፤ ገሚሱን ራሳቸው፣ ገሚሱን እናታቸው የሰፉት። «ለቲያትር ነው» ስላቸው ምን ዓይነት ቲያትር ብለው አልጠየቁኝም። ዕቃ ሊዋስ የመጣን ሰው ለምን ብሎ መመርመር እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስፌቶቹን አንድ በአንድ አወረዱ፣ በሻሻቸው ጫፍ አቧራቸውን ጠረጉ። ትልቁን ሲያቀብሉኝ፣ «ይህን የጀጎል ሴት በሙሉ ከሩቅ ያውቀዋል። ስፌት የሰፊዋን እጅ አይደብቅም» አሉኝ። በኩራት ነበር ያሉት። እኔም በኩራት ተሸክሜው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። እማማ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ወገናቸው ሴት ልጃቸው፣ በሌላው የልጃቸው እጮኛ እናት። ኒካሑ ሊታሰር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሴትዮዋን የጋበዟት ራሳቸው እማማ ናቸው፤ ስፌታቸውን መድረክ ላይ እንድታይላቸው።

መጋረጃው ሲገለጥ ከሴቶቹ በኩል «የእሳቸው ነው! የእሳቸው ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ደስታዬ በሩ እስኪንኳኳ ብቻ ቆየ። ልጅቷ ፊቷ አብጦ ገባች፤ እኔ ከትልቁ ስፌት ሥር ቆሜ መለስኳት። ከዚያ ሹክሹክታ ተነሳ፤ ነገር ግን እኔን የሚያይ አልነበረም። ሴቶቹ ግድግዳውን ያዩና አንገታቸውን ወደ ፊት ረድፍ ያዞራሉ፤ ከፊት ረድፍ ደግሞ ወደ ግድግዳው። ያኔ ገባኝ። ለእነሱ ያ የመድረክ ዕቃ አልነበረም፤ የእማማ ቤት ነበር። እዚያ ቤት ልጅ ተደብድባ መጥታ ተባረረች። የእጮኛው እናት ከእማማ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ሻሿን ታስተካክላለች።

በዕረፍቱ እማማ ከመጋረጃው ጀርባ መጡ። ወንበር ስበው ወጡና ትልቁን ስፌት ከምስማሩ አነሱት።

«እማማ፣ ቲያትር እኮ ነው» አልኩ።

«ለአንቺ ነው ቲያትር። አንቺ ልብሱን አውልቀሽ ትሄጃለሽ። እኔ ነገ ሸዋ በር ገበያ እወጣለሁ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ አዘጋጃችን፣ «ወጥቼ ስፌቱ የውሰት ነው ብዬ ለሕዝቡ ላስረዳ?» አላቸው።

«አስረዳ! ያላወቀውም ይወቅ!»

«በቃ ይውሰዱት» አልኩ። «በባዶ ግድግዳ እንጫወታለን።»

እማማ ስፌቱን እንዳቀፉ ወንበሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «ወላሂ እሱም አይሆንም» አሉ ቀስ ብለው። «ብተወው ቤቷ ነው ይላሉ። ባነሳው ደግሞ፣ እውነት ባይሆን ምን አንጨረጨራት ይላሉ። ያቺ ሴት ነገ ‹ይቅርብን› ብትለኝ ልጄን ማን ይጠይቃታል?»

እኔም ፈራሁ፤ ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እማማ ስፌቱን መልሰው ሰቀሉት። «አጣማችሁ ነበር የሰቀላችሁት» ብለው ወርደው ሄዱ።

ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ከማለቴ ከፊት ረድፍ ሳቅ ፈነዳ። እማማ ናቸው። ብድግ ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ስፌቱንስ ከእኔ ተዋስሽ፤ ነውሩን ከማን ተዋስሽው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የእጮኛው እናት ከመሳቋ ብዛት እማማ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ከዚያ በኋላ አፌን በከፈትኩ ቁጥር እማማ ይስቃሉ፣ ሕዝቡም ይከተላቸዋል። ልጅቷ ደጅ ላይ ወድቃ «እማ፣ ክፈቺልኝ» ስትል እንኳ ተሳቀ። አዘጋጃችን ሕዝብ ያለቅስበታል ያለው ትዕይንት ኮሜዲ ሆኖ አረፈ። የዚያን ቀን ከሁላችንም በላይ የተወኑት እማማ ነበሩ። ልጃቸው ብቻ አልሳቀችም፤ እኔ ደክሟት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስፌቶቹን ይዤ ሄድኩ። እማማ እየተቀበሉ ይሰቅላሉ።

«የልጁ እናት ደወለች» አሉ። «ስንስቅ ዋልን አለችኝ። ኒካሑ በቀኑ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

ትንፋሼ ተመለሰ። «ለካ መድረክ ላይ መውጣት የነበረብዎት እርስዎ ነዎት!» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ትልቁን ስፌት ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ትናንት ቤት ስንገባ ልጄ ጠየቀችኝ። ‹እኔም እንደዚያች ልጅ ሆኜ ብመጣ በሩን ትከፍቺልኛለሽ?› አለችኝ። እንዴታ፣ አልኳት።»

«ጥሩ መለሱላት።»

«‹በቀን ብመጣስ?› አለችኝ። ‹ሰው እያየ?›»

«ምን አሏት?»

እማማ የስፌቱን ጠርዝ በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ስስቅ ውዬ ድምፄ ተዘግቷል፣ ነገ እናወራለን አልኳት።»

ድምፃቸው ደህና ነበር።