ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ

ኮረብታውን ይዘን እንድንቆይ የታዘዝነው ሃያ ስድስት ሰዎች ነበርን። ስም አልነበረውም፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። እኔ አሥር አለቃ ነበርኩ፤ የሬዲዮ ሠራተኛ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞርታር ምሽጋችን አጠገብ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ሬዲዮው ግን ይሰማል እንጂ አያስተላልፍም። ከፍቼ ሳየው አንድ ሬዚስተር ተቃጥሏል። ሬዚስተር የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ መጠኑ የሚነበበው በላዩ ከተቀቡት ቀለማት ነው። የሚያስፈልገኝ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነበር፤ አንድ ሺህ ኦም። ሥልጠና ላይ የቀለማቱን ተራ በቃሌ ይዤ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሥራ ላይ ግን ሁልጊዜ በቴስተር እለካ ነበር። ያን ቀን ቴስተሩም ተሰብሯል። ከመለዋወጫው መርጬ በየድኩ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ አዛዣችን መቶ አለቃ ደምሴ።

«አዎ ጌታዬ፤ ቀለሙን አንብቤዋለሁ።»

ሬዲዮው አሁንም አላስተላለፈም። ሌላም ቦታ ተጎድቷል ብለን ደመደምን።

አራት ሰዓት ላይ ብርጌዱ ይጠራን ጀመር። እንሰማለን፤ እንመልሳለን፤ አይሰሙንም። ከዚያ አንድ ድምፅ «ኮረብታው በጠላት ተይዟል፤ ተኩስ ክፈቱ» ሲል ሰማን።

«እኛን እኮ ነው» አለ አጠገቤ የነበረው ሁሴን።

መልእክተኛ ወደ ታች ሮጠ። እሱ ሳይደርስ የገዛ መድፎቻችን መቱን፤ ሰይፉን ጨምሮ ሰው ሞተብን። ተኩሱ የቆመው መልእክተኛው ሲደርስ ነው። ከተሰባበረው ሬዲዮ ውስጥ የበየድኳትን ሬዚስተር ነቅዬ ለመታሰቢያ ያዝኩ።

ዛሬ ጌጃ ሰፈር ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሱቁን የምጋራው ሞባይል ከምትሠራው ከሰናይት ጋር ነው። ባለፈው ክረምት ይህን ታሪክ ስነግራት ሬዚስተሯን አሳየኋት።

«ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ» አልኳት።

ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። «ጋሽ ታደሰ፣ የመጨረሻው ቀይ አይደለም። አረንጓዴ ነው።»

«ቀይ ነው።»

ሳትከራከረኝ ሌሎች ሁለት ሬዚስተሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀዩ የትኛው ነው?»

ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ።

የኔን በቴስተር ለካኋት። አንድ ሚሊዮን ኦም። መሆን ከነበረበት ሺህ እጥፍ። ሰናይት ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ሜክሲኮ ያለ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ቀይና አረንጓዴ አይለዩም፤ ከተወለዱ ጀምሮ ነው» አለኝ። «ብዙ ሰው ሳያውቀው ይኖራል።»

ሁሴን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

«የሰይፉን እናት ያረዳኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጠላት ነው የገደለው ብያት። ደስ ብሏት አይደለም፤ ግን ተጽናንታ ነበር።»

ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልኩም።

የሞቱት ሰባት ናቸው፤ መቶ አለቃ ደምሴ፣ ሰይፉ፣ ገመቹ፣ አብዱልቃድር፣ ሁለቱ ተስፋዬዎች፣ ወልዴ። ሬዲዮው ሌላ ጉዳት ይኑርበት አይኑርበት ዛሬ ማወቅ አይቻልም። ያን ተኩስ ያዘዘውን መኮንን ስሙን እንኳ ሳላውቅ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ። አሁን ትቼዋለሁ።