አክስቴ የቀበረችው ብልቃጥ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አገር ጥዬ የወጣሁት ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ከሐኪም ቤት ተመልሳ፣ «እማዬ፣ ከጡቴ ሥጋ ቆርጠው ሊመረምሩ ነው፤ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» አለችኝ። አፍሬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጡት የሚለውን ቃል በልጄ ፊት እንኳ አውጥቼው አላውቅም። ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው።

በደርግ ጊዜ እኔና አክስቴ ይርገዱ ወደ ሱዳን ተሰደን ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች መጠለያ ከረምን፤ ኋላ ገዳሪፍ ገባን። ቀን ቀን በሰሊጥ መጋዘን እናበጥራለን፤ ማታ ፉል ገዝተን እንበላለን። የሰሊጥ ዘይት ሽታ ከልብሳችን አይለቅም ነበር። ያኔ ያላገባሁ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን ስታጠብ ጡቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። ለማንም ሳልናገር ከረምኩ፤ በመጨረሻ አክስቴ ልብስ ስቀይር አየችብኝና ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ወንድ ነው። ገላዬን ስገልጥለት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እኔ ካላየሁት እሱም የማያየኝ መስሎኝ። እብጠቱን ቆርጦ አወጣና ዓይን የሚያቃጥል መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ ከትቶ ለአክስቴ ሰጣት። ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን በማጉያ መነጽር አይቶ የሚለይ ሐኪም ያለው ካርቱም ነበር፤ ብልቃጡን በአውቶቡስ መላክ የቤተሰብ ሥራ ነው። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ቁስሌ ደረቀ፤ መልስ የለም። ክረምቱ ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጫማ እየነቀለ ያስቀር ስለነበር በመንገዱ አመካኘን። በኋላ ሐኪሙ አስጠራን።

«ከማን ጋር ነው የላካችሁት?» አለ። የሚያስተረጉምልን ሐበሻ ቁስል አጣቢ ነበር።

አክስቴ መሬት መሬት እያየች፣ «ቀብሬዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«በክርስትናዋ ቅብዐ ሜሮን የነካው ገላ ነው። በመኪና እየተንከራተተ የማንም መጫወቻ ይሁን?»

ቁስል አጣቢው ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ ተዝካሩ መቼ ነው፣ እትዬ? እኛንም ጥሩን እንጂ!»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን። እኔ በነጠላ ተሸፋፈንኩ። ያን ቀን ያፈርኩት በጡቴ ብቻ አልነበረም፤ በአክስቴም አፈርኩ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «ክዳኑን ከፍታዋለች?» ብሎ አስጠየቀ። አልከፈተችውም። «እንግዲያው ሄዳችሁ አውጡት» አለ።

ከግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር፣ ጭቃው እጃችንን እየዋጠ ቆፈርን። ብልቃጡ እንደተከደነ ነበር። በዚያው ሳምንት እኔው ራሴ ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት።

መልሱ መጣ፤ ነቀርሳ አይደለም። ደስታዬን እንኳ ጮክ ብዬ መናገር አፈርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ከአንድ አጥር ጥግ አቆመችኝና እጄን ይዛ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቆዳው ተሰርጉዷል። በማግስቱ እየለመንኩ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዳሰሳትና እጁን እየታጠበ፣ «ምነው ቀደም ብላ ብትመጣ» አለ።

እስከ ሰሊጥ አጨዳ ድረስ ብቻ ቆየች።

ዛሬ ሳስበው፣ ሰው የሳቀበት ነገር ድንቁርና መስሎኝ ነበር ያፈርኩት። ለካ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ መኝታ ላይ፣ ሁለታችንም አንዱን ነገር ስንደብቅ ነው የኖርነው። እሷ የኔን አየች፤ እኔ የሷን አላየሁም። ልጄ ይህን አንብባ ነገ ወደ ምርመራው ትሄዳለች፤ አብሬያት እገባለሁ።

አክስቴ በመጨረሻዋ ጠዋት ወደ አፏ እንድጠጋ በእጇ ጠራችኝ። እንዲህ አለችኝ፦

«ያንቺን የቀበርኩት ስለ ሜሮን ብዬ አልነበረም፣ የኔ ልጅ። መልሱ ክፉ ሆኖ ከመጣ፣ በዘር ነው ብለው የኔንም ያዩብኛል ብዬ ነው።»