አላውቃቸውም ያልኳቸው ሰው

ይህ የሆነው ቀበሌው አንድ ለአምስት እያደራጀ ይሰበስበን በነበረበት፣ ፌስቡክ ደግሞ በየወጣቱ ስልክ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። ለሰውም ነግሬው አላውቅም።

የምኖረው ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ራሔል ከጓደኞቿ ጋር ሆና ፌስቡክ ላይ የሰፈር ገጽ ከፍታ ነበር። የተደፈነ ቦይ ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፤ የጠፋ መታወቂያ ለባለቤቱ ያደርሳሉ፤ ለታመመ ሰው ደም የሚሰጥ ያፈላልጋሉ። ለእኔ ሥራ ፈትነት ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የማያውቁት የድሮ ሰው የለም። እኚህን አባት ትናንት ሐይቅ ዳር አገኘናቸው። ስማቸውንም ቤታቸውንም አያስታውሱም። እስቲ ይዩልኝ።»

ፎቶውን አየሁት። ሰውየው ከስቷል፤ አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ዓይኑን ግን አልሳትኩትም። አቶ ወልዴ ነበር፣ የድሮው የእድራችን ዳኛ።

ከዓመታት በፊት ባለቤቴ አልጋ ላይ ሲውል እሱን ጥዬ መውጣት ስላልቻልኩ ሦስት ቀብር ቀረሁ። አቶ ወልዴ በጉባኤ ፊት ስሜን አሰረዘ። «ሰው ያልቀበረን ሰው አይቀብረውም። ደንብ ነው» አለ። ወር ሳይሞላ ባለቤቴ ሞተ። ጥሩምባ አልተነፋም፤ የእድሩ ድንኳንም አልተተከለም። ክረምት ነበር። ለቀስተኛው ከግንበኞች በለመንነው ሸራ ሥር ተቀመጠ። ሸራው ውሃ ባቆረ ቁጥር ልጆቼ ከሥር በዱላ እየገፉ ያፈሱት ነበር።

«ቪዲዮም አለ» አለች ራሔል።

አቶ ወልዴ ወደ ስልኩ እያየ፣ «ድንኳኑ ተተከለ ወይ? ሰው እኮ ዝናብ ላይ ነው» ይላል። ጊዜው በጋ ነው፤ ከኋላው የሚታየው ሰማይ ደመና የለውም።

«ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሉት። ሠርግ ያለባቸው መስሎን ሙሽራዋ ማን ናት ብለን ቀልደንባቸው ነበር።»

«አላውቃቸውም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

በዚያ ዘመን በየስብሰባው ለሚጠየቀው ሁሉ «አላውቅም» እያልኩ ነበር የምኖረው። ምላሴ ለምዶታል። ግን አውቅ ነበር። ሴት ልጁ ይርጋለም ከተማ አግብታ እንደምትኖር፣ ሱቋ የት እንደሆነም አውቅ ነበር።

እነ ራሔል አንዱ ጓደኛቸው ቤት አስጠግተው በየተራ ይጠብቁት ጀመር። በማግስቱ ጠዋት አምልጧቸው ወጣ። እኔ ግቢ እየጠረግሁ ሳለ ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ እሱ ነው። አጥሬ ሥር፣ ያኔ ሸራው የተወጠረበት ቦታ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይቆጥራል። የእድር ሰዎች ድንኳን ከመትከላቸው በፊት ቦታውን በእርምጃ የሚለኩት እንዲያ ነው። አንድ እግሩ አሁንም ባዶ ነበር።

በሩን አልከፈትኩም። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ ደርሰው እጁን ይዘው እስኪወስዱት ድረስ ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይርጋለም ያለ ሰው ፎቶውን ገጹ ላይ አይቶ ለልጁ ነገራት። እያለቀሰች መጥታ ወሰደችው። ወር ሳይሞላ ሞተ አሉ። ራሔልና ጓደኞቿ ለቀብር ሚኒባስ ያዙ።

«እትዬ፣ አይመጡም?» አለችኝ።

«የማላውቀው ሰው ቀብር ሄጄ ምን ልሠራ?»

አራተኛ ቀብር ቀረሁ።

ይቅር አላልኩትም፤ ብያለሁ ብል ውሸት ነው። ግን ዝናብ ሲጥል ደጄ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ሰው ያለ ይመስለኛል። ሄጄ በቀዳዳው አያለሁ፤ ማንም የለም። ፎቶው አሁንም ገጹ ላይ አለ። «ቤተሰባቸው ተገኝቷል» ተብሎ ተጽፎበታል።

ራሔል ዛሬም የጠፋ ሰው ባገኙ ቁጥር ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። «እርስዎ የማያውቁት የለም» ትለኛለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን ፊት ደጋግሜ አያለሁ።

ራሔል፣ ይህን ካነበብሽ፣ እኚያን አባት አውቃቸው ነበር።