መርከቢቱን ሆኖ የቀረው ሰው

ቶኩጂ እጁ ያነክስ ነበር። በሌላ ነገር አይደለም፣ ሞርስ የሚባለውን የሬዲዮ የምት ፊደል ሲመታ ነው። በአንዲት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል የእያንዳንዱን ቃል የመጨረሻ ምት ሳብ ያደርጋታል። አለቆቹ ስንት ጊዜ ገሠጹት፣ ስንት ጊዜ ተቆጡት፣ አልተወውም። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ጆሮውን በሬዲዮ ያሰለቸ ሰው ሁሉ ያቺን ምት ሲሰማ "ቶኩጂ ነው፤ መርከቢቱ እዚህ ናት" ይላል።

አጠገቡ የሚቀመጠው ሴሳኩ፣ ቀልደኛው ሴሳኩ፣ የቶኩጂ ትንሽ እህት የሚኔ ባል ነበር። ሥራ በጀመሩ ቁጥር አያስቀምጠውም።

"አንተ አንካሳ፣ ቀስ በል እንጂ! መርከባችንን ምርኩዝ ልታስይዛት ነው።"

"አንተ ደግሞ ስትመታ ዝናብ የመጣ ይመስላል። ማንም አያውቅህም።"

"አለመታወቅ ማን ይጠላል?" ይላል ሴሳኩ እየሳቀ።

ከአሜሪካ ጋር ጦርነቱ ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ መቶ አለቃ ካራሺማ ሁለቱንም አስጠራቸው። ሰውየው ቃል የሚቆጥብ፣ ሲናገር መስኮት መስኮቱን የሚያይ ነበር።

"መርከቢቱ ትሄዳለች" አለ። "ወዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ። እሷ ስትሄድ ድምፅዋ ግን እዚህ ሳሴቦ ወደብ ይቀራል። ጠላት ጆሮውን ቀስሮ እያዳመጠን ነው፤ አንዳንድ እጅ ደግሞ ለይቶ ያውቃል። ቶኩጂ፣ ዕቃህን ይዘህ ውረድ።"

"እኔ? ጌታዬ፣ ሴሳኩ እኮ ገና ሙሽራ ነው። እሱ ቢቀር አይሻልም?"

"የሙሽራ ጉዳይ አላልኩህም። የሚያነክሰው ማን ነው?"

በዚህ አለቀ። ቶኩጂ ዕድሜ ልኩን የተሰደበበት ጉድለት ሕይወቱን አተረፈለት፤ እሱ ግን ያን ዕለት ከመርከብ የተጣለ ያህል አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የወረደው።

ነገሩ እንዴት እንደተሰናዳ ኋላ ሁላችንም ሰማን። አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ስድስት ነበሩ። በአንድነት ቢወጡ ዓይን ውስጥ ይገባሉና በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መንገድ እየሾለኩ ሰሜን ጫፍ ላይ ጭጋግ በዋጠው የባሕር ሰላጤ ተሰበሰቡ። ሁለት የጦር መርከቦች ከባድ መድፋቸውን ይዘው ጠባቂ ሆኑ፤ ፈጣኖቹ ትናንሾች ከፊትና ከጎን ከበቧቸው፤ ባሕር ላይ እንዳይቆሙ ደግሞ ነዳጅ ጫኞች ተከተሉ። የሁሉም የሬዲዮ መምቻ ታሸገ፣ አንድም ቃል እንዳይወጣ። እዚህ በየወደቡ ግን ኑሮ እንደ ወትሮው ነበር። ሌሎች አውሮፕላኖች እንደ ልማዳቸው ይበራሉ፣ መርከበኞች ፈቃድ እየተሰጣቸው ገበያውን ይሞላሉ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ፣ በአንዲት የእንጨት ክፍል ውስጥ፣ ቶኩጂ ተቀምጦ የሌለችውን መርከብ ሆኖ ያወራል። "ልምምድ ላይ ነን። ውሃ እንፈልጋለን። ነገ እንመለሳለን።" ዝም ብሎ የቤት ወሬ።

ማታ የሚገባው እህቱ ቤት ነው። ሚኔ ባሏ ከሄደ ጀምሮ የጥላ ገበታ ታቀርብለት ነበር። የእኛ አገር ሴት ባሏ ርቆ ሲሄድ የእሱን ድርሻ ከቤተሰቡ ጋር እኩል ታቀርባለች፤ ሩዙን በባለክዳን ሳህን፣ ሾርባውን፣ መመገቢያ እንጨቶቹን በቦታቸው። መንገደኛው በሄደበት እንዳይርበው ነው። ተበልቶ ሲያበቃ የሳህኑን ክዳን ገልበጥ አድርጋ ውስጡን ታያለች። ጠል ካዘለ ሰውየው ደህና ነው። ከደረቀ ግን አይወራም። ትኩስ ሩዝ መቼስ ክዳን ማላቡ አይቀርም፤ ቢሆንም ሚኔ ክዳኑን ስታነሳ ትንፋሿን ትይዛለች።

"ደህና ነው" ትላለች። "አየህ ወንድምጋሼ? ደህና ነው።"

ሴሳኩ በሰላም ተመለሰ። አሜሪካኖቹን ሳያስቡት የመቱበት የፐርል ሐርበር ድል በየመንገዱ በፋኖስ ሲከበር ሦስቱ ተቀምጠው የሩዝ መጠጥ ሳኬ ጠጡ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ሚኔ ሾርባ ልታሞቅ ስትነሳ ሴሳኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ የምልህ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? እንዳትስቅ።"

"ሳቅ ያንተ ሥራ ነው እንጂ የእኔ መቼ ሆነ?"

"መምቻችን ታሸገ እንጂ ማዳመጥ አልተከለከልንም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ስንሄድ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስከፍት መርከባችን ታወራለች። ከሳሴቦ! በራሷ ስም፣ በአንተ በአንካሳው እጅ። ነገ እንመለሳለን ትላለች። ጠጉሬ ቆመ። መርከቢቱ እዚያ ካለች፣ እኛ ታዲያ ማን ነን? አልኩ።"

ቶኩጂ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

በግንቦት ያቺው መርከብ እንደገና ወጣች። ሴሳኩ ከሷ ጋር፣ ቶኩጂ ኮረብታው ላይ። ከሳምንታት በኋላ መቶ አለቃ ካራሺማ ወደ እንጨቷ ክፍል ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሌሎቹን አስወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሚድዌይ ደሴት አጠገብ ተቃጥላ ሰጥማለች" አለ። "የሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንድም ሰው አልወጣም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከአፍህ ከወጣ አንተም፣ የሰማህም ሰው አትተርፉም። ለሕዝቡ መርከቢቱ አለች። ለጠላትም አለች።"

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጌታዬ?"

"ምታ።"

መታ። ሴሳኩ ከባሕር በታች ተኝቶ፣ ቶኩጂ "ነገ እንመለሳለን" እያለ መታ። የመጨረሻዋን ምት ሳብ ሲያደርግ፣ ከወዲያ በኩል የሚሰማው ጠላት ሳይሆን ሴሳኩ ይመስለው ጀመር፤ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እኛ ታዲያ ማን ነን የሚል። ቶኩጂ ፈሪ ሰው አልነበረም። ያን ሰሞን ግን ፈረቃው ሲያልቅ ማዳመጫውን ወርውሮ ይወጣ ነበር።

ቤት ደግሞ ገበታው አለ። ሚኔ ክዳኑን ታነሳለች። "ደህና ነው" ትላለች። እሱም ልክ ነሽ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ብርዱ ሲገባ ከሰል ጠፋ፣ ሩዙም ገብስ ይቀላቀልበት ጀመር። አንድ ማታ ሚኔ ክዳኑን ስታነሳ ውስጡ ደርቋል። አላለቀሰችም። ክዳኑን መልሳ ከደነች፣ ገበታውን አነሳች፣ ወጣች። ቶኩጂ ያን ፊት ሁለተኛ ማየት አልቻለም። በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ ጣቱን ሻይ ውስጥ ነከረና የክዳኑን ውስጥ አርከፈከፈው። ስትመለስ አነሳችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ደህና ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሳያስታጉል አደረገው። ለአሜሪካኖች የሠራውን ለእህቱም ሠራ። እንዲያውም በዚህኛው ልቡ ትንሽ ዕረፍት አገኘ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከውሸቴ ደስታ ያገኛል ብሎ። የዋህነቱ!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዓመት በላይ ቆይቶ የሴሳኩ ሞት በወግ ተነገረ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን መጣ፤ ውስጡ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ እንጨት እንጂ ሌላ የለም። ጎረቤት አልቅሶ ከወጣ በኋላ ቶኩጂ ከእህቱ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ከምንጣፉ ላይ አስነካ።

"ሚኔ፣ ይቅር በይኝ። አውቅ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

ቀና አለ። ሳጥኑን አቅፋዋለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ክዳኑን። ያኔ የደረቀ ቀን ሆን ብዬ ነው የቀዘቀዘ ሩዝ ያቀረብኩት። የሌሎቹ መርከቦች ሰዎች ደብዳቤ ሲልኩ ከእኛዋ አንድም አልመጣ። አንተን እንዳልጠይቅህ አትነግረኝም፣ ብትነግረኝም ይገድሉሃል። እንግዲያው ክዳኑን ልጠይቅ አልኩ። ደረቀ። እሱንም አላመንኩም፤ የቀዘቀዘ ነዋ፣ ይደርቃላ! በማግስቱም የቀዘቀዘ አቀረብኩ።" ሳጥኑን ምንጣፉ ላይ አኖረችው። "ከቀዘቀዘ ሩዝ እንፋሎት ይወጣል እንዴ፣ ወንድምጋሼ?"

ቶኩጂ ጣቱን እጅጌው ውስጥ ሸሸገ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

"በሕይወት ቢኖር ለምን ታረጥበው ነበር? ያኔ ነው የሞተው። አንተ ነህ የነገርከኝ።"

"ታዲያ ለምን… በየማታው ደህና ነው ትይ የነበረው?"

"ባለቅስ ጎረቤት ይሰማል። ማን ነገራት ይባላል። አንተ ትያዛለህ። ደግሞ ያን ሻይ ከረጨህ በኋላ እንዴት አድርገህ ታየኝ እንደነበር አላየህም። እኔ ልሳቅልህ እንጂ ምን ላድርግ? አልቀየምህም። ግን ልቅሶዬን ወሰድክብኝ። የባሌን ሞት በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ስቄ ጨረስኩት። ዛሬ አልቅሺ ቢሉኝ ከየት ላምጣው?"

ጦርነቱ አለቀ። ቶኩጂ ሬዲዮ ያለበት ቤት አይገባም ነበር፤ የወደብ ዕቃ ማራገፍ ያዘ፣ ሚስት አላገባም፣ ከእህቱ ጋር አረጀ። የምናውቀው ሰዎች ግን አንድ ነገሩን እናያለን። ራት ቀርቦ ወሬው ጋብ ሲል የቀኝ ጣቱ የገበታውን ጠርዝ ይመታል፤ ቶሎ ቶሎ ቶሎ፣ መጨረሻዋን ሳብ። እሱ አያውቀውም።

ሚኔ መጀመሪያ መጀመሪያ እንዳላየች ሆና ትበላ ነበር። ኮረብታው ላይ ምን ይመታ እንደነበር ከነገራት በኋላ ግን፣ በእርጅናዋ፣ መመገቢያዋን አስቀምጣ እጇን ጣቱ ላይ ትጭንበታለች።

"በቃህ፣ ወንድምጋሼ" ትላለች። "ንገራቸው፤ አንመለስም በላቸው።"

ጣቱ ከእጇ ሥር ጥቂት ይቆይና፣ እሺ ያላት ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ሚኔም ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ብላ ትለዋለች።