የማዕበልና የነጎድጓድ ድንበር

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ዓሣ ማጽዳት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ገዝቶ መጣ። ቧንቧው እንደ ልማዱ ደርቋል። ጀሪካን ወደ ጓሮ አውጥተን እሱ ጭራውን ይዞልኝ እኔ ቅርፊቱን ፋቅሁ። ስንጨርስ እጁን ዘረጋ፤ በጆግ እየቀዳሁ ሳፈስለት «ታጠብ» አልሁት። ሳቀ። አንጓው ላይ የተጣበቀችውን ቅርፊት በጥፍሩ እያነሣ፣ «አይ አንቺ፤ ይህች ቃል እስከ ዛሬ ካፍሽ አልጠፋችም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ። በዚያው ሳምንት ቆጋ ላይ የመስኖ ቦይ ሲቀይስ ውሎ ልቡ ቆመ።

ያች ቃል ስትነሣ ፊቴ ለምን እንደሚግል ልንገራችሁ። 

ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የምንኖረውም ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የሠራተኞች ግቢ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ አንድ መሪጌታ ከነልጃቸው ይኖሩ ነበር፤ ኋላ ባለቤቴ የሆነው ያ ልጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ ያጎቱ ልጅ፣ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ፣ ዳይስ እየጣለ፣ በሌለ ሀገር የሚኖርበት ጨዋታ እንዳለ ነገረው። ጨዋታውን በዓይኑ አላየውም። ስለዚህ የራሱን ፈጠረ።

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ተዘግቷል። ዝናቡ ሲያባራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር እንገናኛለን፤ እሱ፣ እኔና የግቢያችን ሾፌር መንትያ ሴት ልጆች። ጭቃውና የበሰበሰው ደንገል ይሸታል። ሐይቁ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ዋርካው ዝናቡ ካባራ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያንጠባጥባል፤ ከሉዶ ላይ የወሰድናትን ዳይስ ጠብታ እንዳያገኛት በመዳፋችን ከልለን እንጥላት ነበር።

ሁለት ሀገሮች ነበሩን። ሐይቁ የማዕበል ሀገር ነው፤ ወደ ጢስ ዓባይ ያለው ሁሉ የነጎድጓድ መንግሥት ነው። የሚጣሉት በአነጋገር ነበር። የማዕበል ሰዎች የፈለገው ሰው ይምጣ፣ አንተና አንቺ ነው የሚሉት። ሹም የላቸውም፣ ቤታቸው በር የለውም፣ ያሰቡትን ሳያስተርፉ ይናገራሉ። የነጎድጓድ ሰዎች ደግሞ ሁሉንም እርስዎ ይላሉ፤ የሚጠባውን ሕፃንም፣ ሌባውንም፣ አህያውንም። እሱ የእነዚያ አለቃ፣ ሊቀ ነጎድጓድ ነበር። እኔ የማዕበል ቀዛፊ ነበርሁ። ታሪኩን የሚተርከውም እሱ ስለነበር መንትዮቹ «ዳኛውም አንተ፣ ተከራካሪውም አንተ» እያሉ ያበሽቁታል። አንዷ የምትናገር ጉማሬ ነበረች፤ በየትኛው ወገን እንደሆነች እስከ መጨረሻው አልወሰነችም።

«እናንተ ሀገር ቤት ሲቃጠል ምን ትላላችሁ?» እለዋለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቤትዎ ሳይቃጠል አልቀረም መሰለኝ» ይላል፣ ጎንበስ ብሎ።

«በውሃ ጥም ነው የምታልቁት። እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ ስትባባሉ ምንጩ ይደርቃል።»

«በእናንተስ ሀገር ሽማግሌ ሲሞት ማን ያለቅሳል?»

«የወደደው።»

«በእኛ ያልወደደውም ያለቅሳል።»

ያን ጊዜ የረታሁት እኔ መስሎኝ ነበር።

ጦርነቱ ስለ ድንበር ነበር። ሐይቁ የት ያልቃል፣ ዓባይስ የት ይጀምራል? እኛ እስከ ድልድዩ ድረስ ሐይቅ ነው አልን። እነሱ ውሃው መሄድ ከጀመረበት ወዲህ የእኛ ነው አሉ። ስንከራከር ዳይሷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጠፋችና እሱ ሌላ መላ አመጣ፤ የቃል ቀን። እሱና እኔ አንድ ቀን ሙሉ፣ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ፣ እርስ በርሳችንም፣ ከጨዋታው ውጭ ላገኘነው ሰው ሁሉም በየሀገራችን ቃል መናገር ነበረብን። ምክንያቱን ለማንም መናገር አይቻልም። ዝም ብሎ መዋልም እንደ ክህደት ይቆጠራል። ቃሉን ያፈረሰ የተጣላንበትን ድንበር፣ የዓባይን አፍ፣ ያጣል።

«ለእኔ ቀላል ነው፤ አንቺ ግን ይቅርብሽ» አለኝ።

«ፈራህልኝ?»

«ላንቺ አይደለም፤ ለሰዎቹ ነው።»

እልህ ያዘኝና ቀኑን እኔው ቆረጥሁት። የእናቴ ማኅበር ተራ መሆኑን ያወቅሁት ግን በዚያው ጠዋት፣ ድፎው ሲሸተኝ ነው።

እናቴን ድሮም አንቺ ስለምላት ጠዋቱ አላስቸገረኝም። የግቢያችንን ዘበኛ «ደኅና አደርህ?» ስላቸው ዘወር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ባለሱቁን «ክብሪት ስጠኝ» አልሁት፤ የአባቴ እኩያ ነው። ሰጠኝና መልሱን ሲቆጥር ቀና ብሎ አላየኝም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይዘል ነበር። ፍርሃት ብቻ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ተሰበሰቡ። መሪጌታ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ተነሣላቸው። ልጃቸው ጃንጥላቸውን ተቀብሎ በሩ አጠገብ ቆመ። እንግዳ ማስታጠብ የእኔ ሥራ ነው፤ የሚጀመረውም ከእሳቸው ነበር። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቀረብሁ።

«ደኅና ነሽ ልጄ? አደግሽ እኮ» አሉኝና እጃቸውን ዘረጉ።

«ደኅና ነኝ። ታጠብ» አልኋቸው።

 ውሃው ሳፋው ላይ ሲወርድ ይሰማል። እናቴ ከጓዳ በር ላይ «ምን አልሽ?» አለች። አባቴ ተነሣ። «ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፤ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ልጁ ፎጣውን ሊያቀብል መስሎ ከትከሻዬ ላይ ሲያነሣ ጆሮዬ ሥር፣ «ተሸንፌያለሁ። ድንበሩ ያንቺ ነው፤ በያቸው» አለኝ።

ልብ በሉ። ያን ዕለት እሱ እኔንም እርስዎ ማለት ነበረበት። «ያንቺ» ሲል የራሱን ቃል አፈረሰ፤ በሕጉም ተሸነፈ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ምንም ብል ድንበሩን የሚወስድብኝ አልነበረም። ይህንም እዚያው ቆሜ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ አውቄዋለሁ። ግን የተሰጠኝን ድል አልፈለግሁም። በመስኮት ወደ ሐይቁ አየሁ፤ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ወደ መሪጌታ ዞርሁና፣

«ይቅር በለኝ» አልሁ።

እጃቸውን ከሳፋው በላይ እንደዘረጉ ቀና ብለው አዩኝ። በዓይናቸው ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«እንዲህ የምንለው ለእግዚአብሔር ነው» አሉ። «እኔ እሱን አይደለሁም። ግድ የለም፤ ውሃውን ያፍስሱልኝ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያፍስሱልኝ ያሉት እኔን መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ያን ቀን ማታ ልጁ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው፣ ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ለአባቱ ተናገረ። አልመቱትም። ክረምቱ እስኪያልፍ ዘጌ ወዳለው አጎቱ ዘንድ ላኩት። መንትዮቹ ጨዋታውን አበላሻችሁብን ብለው አኮረፉ። እኔም ከዋርካው ሥር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያሸነፍሁትን ውሃ አየሁት፤ ወደ ድልድዩ ይሄዳል፣ ከየት ጀምሮ የእኔ እንደሆነ አይታይም።

እናቴ እጄን ይዛ ቤታቸው ወሰደችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ፣ ጉልበታቸውን ስሜ። «ያኔውኑ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ ብለውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው «ደኅና ዋሉ?» ይሉኛል። ጓደኞቼ ይስቃሉ። እኔ መንገድ መቀየር ጀመርሁ።

ልጁ ከዘጌ ተመለሰ፤ አደግን፤ ኮሌጅ ላይ እንደገና ተገናኘን። ሊያገባኝ ሲያስብ ከሽማግሎቹ ጋር እሳቸውም ወደ አባቴ ቤት መጡ። «ልጅዎን፣ እሳቸውን፣ ለልጄ ብለን ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የመሪጌታ ጨዋታ ተባለ። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ባለቤቴን ስንት ጊዜ ለመንሁት መሰላችሁ። «ቂም ይዘውብኛል» እለዋለሁ።

«አባባ ቂም አያውቁም፤ ለምዶባቸው ነው።»

«እንግዲያው ንገርልኝ።»

«ምን ብዬ? ምራትዎን አያክብሯት ብዬ?»

ጎረቤቶቼ ይቀኑብኝ ነበር፤ ምራታቸውን እንዴት ያከብሯታል ይላሉ። ልጃችን ስትወለድ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «አንቺ ድመት፣ አንቺ ወስላታ» ይሏታል፤ ቀና ብለው ደግሞ «ውሃ ቢያቀብሉኝ» ይሉኛል። ውሃውን አቀብላለሁ። በገዛ ልጄ ላይ ቀናሁ። ይህንንም መጻፍ ያሳፍራል።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ መሪጌታን ከሚኖሩበት ዘመድ ቤት ደግፈው አመጧቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ድንኳኑ ውስጥ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ ተቀመጡ፤ ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም። ለቅሶው ሳሳ ሲል በትራቸውን እያስቀደሙ ወደ ውስጠኛው ክፍል መጡ። እኔ ወለሉ ላይ ፍራሽ ላይ ነበርሁ። ግድግዳውን በእጃቸው ዳስሰው አጠገቤ ቆሙና፣

«እህል ቀመስሽ?» አሉኝ።

ቀመስሽ። ያችን «ሽ» ስጠብቃት አርጅቻለሁ። ከማልቀሴ በፊት፣ ከመመለሴ በፊት፣ ደስ አለኝ። የባለቤቴ መቃብር አፈር ገና እርጥብ ነው፤ እሳቸው አንድ ልጃቸውን ቀብረው ነው የመጡት፤ እኔ በዚያ ፍራሽ ላይ ከል ለብሼ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ወዲያው ልጃቸውን ከፍዬ የገዛኋት መሰለኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ሰዎች በሐዘን መሰላቸው። እሳቸው ምን እንደመሰላቸው አላውቅም፤ ራሴን ዳሰስ አድርገው «ቅመሽ እንጂ» ብለው ወጡ። የዓሣውን ቀን «ታጠብ» ስለው ከሳቀው ሰው ጋር ይህን ላወራ አማረኝ። ለማን ይወራል?

ልጃችን ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። መሪጌታን ወደ ዘመድ ቤት አልመለስኋቸውም፤ ከእኔ ጋር ናቸው። አንድ ቀን ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ «ያን ጊዜ ልጄ ይጫወተው የነበረው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠይቀው አያውቁም። «ሁለት ሀገሮች ነበሩ» አልሁ። 

«የእሱ የትኛው ነበር?»

«ነጎድጓድ። ሁሉን እርስዎ የሚሉት።»

 «እንግዲህ እኔም የእሱ ወገን ሆኜ ኖሬያለሁ» አሉ። «ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው።»

አሁን ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ እንቀመጥና እነግራቸዋለሁ።