ነጭ ሽንኩርት የተባለው አበባዬ

ሰማያዊ አበባዬ ዛሬ በቀበሌያችን ሪፖርት ላይ ነጭ ሽንኩርት ሆኖ ተመዘገበ።

ሥሩን እህቴ ከሐዋሳ ነው ያመጣችልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጋውን ውኃ እየተሸከምኩ፣ ከአማቴ ላም እየተከላከልኩ አቆይቼው ገና በዚህ ሳምንት አበበ።

ጠዋት የአንድ ለአምስታችን መሪ ጋሽ ዳና የጓሮ አትክልት ሊመዘግቡ ደብተራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይበላል?»

«አይበላም ጋሼ፣ አበባ ነው።»

«ይሸጣል?»

«ኧረ አይሸጥም!»

«ታዲያ የት ልጻፈው? ፎርሙ ለሚያምር ነገር ቦታ የለውም።»

ቅጠሉን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ነጭ ሽንኩርት ይመስላል» አሉና ጻፉ።

«ጋሼ፣ ሰው ቢበላውስ? ሆድ ያማል!»

«ሪፖርት እኮ ነው! ማን ይበላዋል?»

ከሰዓት ደወሉ። በነጭ ሽንኩርት ሞዴል ገበሬ ሆኛለሁ! ሐሙስ ከቦዲቲ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች ይመጣሉ። «አበባውን ብቻ ቁረጪልኝ፣ ያጋልጠናል» አሉኝ።

አልቆርጥም። የቦዲቲ ሰዎች መጥተው ሰማያዊ የሚያብብ ሽንኩርት ይመልከቱ፤ እነሱም ሄደው ሪፖርት ያድርጉ።

እናንተ ግቢስ ምን በምን ስም ተመዘገበ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ድመቴን አልጋ ስር ደብቄያለሁ፤ የሚደልብ በግ እንዳትሆንብኝ።