የሰናይት ደም የዘገየበት ምክንያት

ፍኖተ ሰላም፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጎህ ሲቀድ ከሆቴሉ ወጣን። ሦስት ነን። ጋሽ ምንይችል ይነዳል፣ ነርሷ ሲስተር ትሁን ደም ትወስዳለች፣ እኔ ደግሞ የተጻፈው ከተሠራው ጋር መግጠሙን እመረምራለሁ። በአጭሩ ሥራዬ ሰው አለማመን ነው። በዚህም ደመወዝ ይከፈለኛል።

ጥናታችን የኩፍኝ ክትባት ላይ ነው። ሁለተኛውን ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ሰውነታቸው በሽታውን የሚመክትበትን ኃይል አዳብሮ እንደሆነ ከደማቸው እንለካለን። ደሙ የሚወሰድበት ጊዜ ግን የተወሰነ ነው። ቀኑ ካለፈ ውጤቱ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ላይቆጠር ይችላል። ከቡሬ ወዲያ በአንዲት ጎጥ የምትኖረው የሕፃን ሰናይት ጊዜ ዛሬ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ቀጥረናት ሁለቱንም ቀርተናል፤ አንዴ መንገድ ተዘግቶ፣ አንዴ መኪናችን ጋራዥ ገብታ።

«ዛሬስ የመጣው ቢመጣ እንደርሳለን» አለ ጋሽ ምንይችል ሞተሩን እያስነሳ። «ማርያም አይደለች? ታደርሰናለች።»

አሜን አልን። ዕለቱ ማርያም መሆኑ ሌላም ነገር ሊያመጣ እንደሚችል ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ቡሬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ማንኩሳን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኙ የበርበሬ አገር ነው። በየደጁ ሸራ ተነጥፎ በርበሬ ተሰጥቷል፤ የመኪናውን መስኮት ዘግተን እንኳ ያስነጥሰናል። ቡሬ መገንጠያው ላይ የነቀምት መኪኖች ረዳቶች ይጣራሉ፣ ባጃጆች መንገዱን ሞልተውታል። ቁርሳችን ሽሮ ፍርፍር ነው፤ ጨው በዝቶበታል፣ ግን ትኩስ ነው። ሻዩ ሃያ ብር ገብቷል።

ሲስተር ትሁን የበረዶ ሳጥኗን ከእግሯ ሥር አድርጋ ስለ ሰናይት እናት አጫወተችኝ። ስሟ የዝና ነው። የመጀመሪያ ልጇን የነጠቃት ኩፍኝ ነው። ሰናይትን ለጥናቱ ለማስመዝገብ በእግሯ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ጤና ጣቢያ መጣች።

«ፈቃዷን ስትሰጥ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። «‹የእሱን የቆጠረለት የለም፤ የእሷ እንኳ ይቆጠርልኝ› ነው ያለችኝ።»

ጎጧ፣ አራት ሰዓት

ጠጠር መንገዱ አልቆ ጭቃ ሲጀምር መኪናዋን ለጋሽ ምንይችል ትተን ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድን። የዝና ቤት ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግቢው በበርበሬ ቀልቷል። እሷ በረንዳው ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኗ በነጭ ነጠላ ተጠቅልላለች፤ አፏም ተሸፍኗል።

ሲስተር ትሁን በሩ ላይ ቆም አለች። «ቆርባለች» አለችኝ በቀስታ።

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደም እንዳይፈሰው ይጠነቀቃል። እሾህ እንዳይወጋው በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ምራቁንም አይተፋም። እኛ ደግሞ መርፌ ይዘን መጥተናል።

«እህ! ዛሬ መጣችሁ?» አለች የዝና ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ስለት ነበረብኝ። ለማርያም አቆርባታለሁ ብየ ነበር። ዛሬ ትመጣላችሁ ብየ በምን ልወቅ?»

«ጥቂት ደም ነው፤ ደቂቃም አይፈጅም» አልኩ። ሲስተር ትሁን በክርኗ ጎሸመችኝ። «መብቷ ነው» አለች። ልክ ናት። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን መመለሱ አንገብግቦኝ ነበር።

የዝና ነፍስ አባቷን አስጠራች። አባ ሞላ ከጎረቤት ጸበል ጻዲቅ ላይ ተነሥተው ጭራቸውን እንደያዙ መጡ። ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ይኸ ደም ለልጅቱ መድኃኒት ይሆናታል?»

«ለእሷ አይደለም አባቴ» አለች ሲስተር ትሁን። «ለማወቅ ነው። ወደፊት ለሚከተቡ ልጆች ይጠቅማል።»

«ለሕይወቷ ቢሆን እኔው ራሴ ክንዷን ይዤ ባስወጋኋት። ለማወቅ ከሆነ ግን ለነገ ይደር።»

እኔ አላርፍም። ሰንበት ለሰው እንጂ ሰው ለሰንበት አልተፈጠረም የሚለውን ቃል ጠቀስኩላቸው። አባ ሞላ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንተ ግን ሳትማርም ሳትጠመጥምም ማስተማር ጀመርኽ።» የዝና እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ሳቋን ደበቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ።

«እንግዲያ ነገ ጧት ውሰዱና የዛሬ ብላችሁ ጻፉት። ማን ያያል?» አለች።

ሲስተር ትሁን አየችኝ። አንዲት ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ሆኖም የተወሰደበት ቀን ከተዋሸ የሌሎቹም ልጆች ደም አይታመንም።

«እኔ አያለሁ» አልኳት።

«ከቆጠራው ልትጥሏት ነዋ!» አለች የዝና፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው። ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ቡሬ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ለጥናቱ ኃላፊ ደወልኩ። እናትየዋ ከፈቀደች ነገ ውሰዱ፣ እውነተኛውን ቀን ጻፉ፣ የዘገየበትን ምክንያት ጻፉ፣ መቆጠር አለመቆጠሩ በኋላ ይወሰናል አለኝ። ቡሬ ለማደር ክፍል ያዝን። ጋሽ ምንይችል የመኪናዋን ጭቃ አሳጠበ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር። እናት ፊቴ አልቅሳ እንኳ ቀን አልዋሸሁም እያልኩ ስጎራደድ አመሸሁ።

ጎጧ፣ በማግስቱ ሦስት ሰዓት

የዝና ፈቀደች። ሰናይት መርፌው ሲነካት ጎጧን በጩኸት አናጋቻት፤ እናቷ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች። ሲስተር ትሁን እጀ ቀላል ናት፤ ደሙ በአንዴ ወጣ። እኔ ጉልበቴ ላይ ቅጹን እሞላለሁ።

«ምን ብለው ጻፉት?» አለችኝ የዝና ልጇን እያባበለች።

ቀኑን ነገርኳት። ቀጥሎ የዘገየበትን ምክንያት አነበብኩላት፤ «በቤተሰቡ ሃይማኖታዊ ምክንያት።»

ልጇን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ ነኝ ያዘገየሁት?»

ዓይኔን ወደ ቅጹ መለስኩ።

«ሚካኤል ዕለት ቤቴን ጠርጌ ጠበቅኋችሁ። ኪዳነ ምሕረት ዕለት ሰው ሁሉ በርበሬ ለቀማ ወርዶ እኔ ይችን ታቅፌ መንገድ መንገድ ሳይ ዋልሁ። ስንት ቀን ነበረልዎ! እኔ የከለከልሁ አንዲት ቀን ነው። እሷኑ ጻፉብኝ?»

አፈርኩ። ቀኑን አልዋሽም ብዬ ስኮራ ያደርኩት ሰውዬ ምክንያቱን ዋሽቻለሁ። የባሰው ደግሞ ስጽፈው ውሸት መሆኑ እንኳ አልታወቀኝም። እንዲህ ያለው ምክንያት ለእኛ ዓይነቱ ሰው እጅ ቅርብ ነው፤ ማንም ወደ ጋራዣችን አይመለከትም።

በእኛ ሥራ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ በቀለምም አይሸፈንም። እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የሰረዘው ሰው ይፈርማል። ሰረዝኩት። ከጎኑ «የጥናቱ ቡድን በሁለት ቀጠሮዎች ባለመገኘቱ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

«ይኸ ደኅና ነው» አለችና ልታጠባት ወደ ቤት ገባች።

ፍኖተ ሰላም፣ ስምንት ሰዓት

ሳጥኑ ቅዝቃዜውን ሳይለቅ ደረሰ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ቅጹን አይቶ ስርዙ ላይ ቆም አለ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ተረክቦ ፈረመ። ወጥተን ምሳ ልንበላ ስንል የሲስተር ትሁን ስልክ ጮኸ። የዝና ናት፤ ሲግናል ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታለች። ደሙ ደረሰ ወይ፣ ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ትሁን ስልኩን ሰጠችኝ።

«በደኅና ደርሷል፣ ወይዘሮ የዝና» አልኩ። «መቆጠሩ ግን ገና አልታወቀም። ላይቆጠርም ይችላል።»

እንድሰማት ከነፋሱ በላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ይሁን እንግዲህ» አለች። «ባይቆጠርም፣ እኛ እንዳልቀረን ተጽፏል አይደል?»

«ተጽፏል» አልኳት።